በሎሚ ቅጠል ላይ የሚሳብ የወፍ ኩስ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው አራት ደብዳቤዎች ከአዳማ በተለያየ ቀን የደረሱን ናቸው። ጉዳያቸው ግን አንድ፣ ይኸውም ቢራቢሮ፣ ሆኖ ስላገኘነው አብረን አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ስለሚሻ አብዛኛውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። በአዳማ በምኖርበት ግቢ ውስጥ ሦስት የሎሚ ተክሎች አሉኝ፤ አንዱ ከቁመቴ በላይ አድጓል፣ ሁለቱ ግን ገና ከጉልበቴ አላለፉም። የክረምቱ ዝናብ ከገባ ወዲህ የትንንሾቹ ለጋ ቅጠል ከዳር እየተበላ፣ አንዳንዱ ቀንበጥ ጅማቱ ብቻ ቀርቷል። መጀመሪያ ያየሁት ጥቁርና ነጭ የሆነ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ነበርና በውሃ ላጥበው ስል ተንቀሳቀሰብኝ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ በዚያው ችግኝ ላይ የትንሽ ጣቴን ያህል አረንጓዴ ትል አገኘሁ፤ በስንጥር ስነካው ከራሱ ላይ ብርቱካንማ ቀንድ አውጥቶ የሚከረፋ ሽታ ለቀቀ። በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ “ይሄ አባጨጓሬ ነው፤ ችግኞቹን ሳይፈጃቸው መድኃኒት ርጪበት” ይሉኛል። የአሥር ዓመቱ ልጄ በበኩሉ ቢራቢሮ ስለሚሆን እንዳትገድዪው እያለ ያለቅሳል። ሁለቱ ትሎች አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ? የሚሆኑትስ የትኛዋን ቢራቢሮ ነው? ሎሚዬን ያደርቁብኛል?

መልስ፦ ልጅዎ እውነቱን ነው፤ ጎረቤትዎም ለችግኙ መስጋታቸው መሠረት የሌለው አይደለም። የወፍ ኩስ የመሰለውና አረንጓዴው ትል አንድ ፍጥረት ሲሆኑ፣ የሚለያቸው ዕድሜ ብቻ ነው። የሚሆኑትም ሳይንሳዊ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ የተባለውን፣ እኛ በዚህ ገጽ ላይ የሎሚ ቢራቢሮ ብለን የምንጠራትን ትልቅ ቢራቢሮ ነው። ይህች ቢራቢሮ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል በስፋት የምትገኝ፣ ባሕር ተሻግራም በደቡብ አረቢያ የምትኖር ናት። አዳማ ደግሞ የምትፈልገውን ሁለት ነገር አሟልታ ይዛለች፤ ሙቀቱም አለ፣ በየግቢው የተተከለው ሎሚና ብርቱካንም አለ። ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲወርዱም የመርቲና የኑራ ኢራ ብርቱካን ይጠብቃታል።

ትሉን ሳናይ እንዲህ በድፍረት የተናገርነው በደብዳቤዎ ውስጥ ሦስት ምልክቶች ስላገኘን ነው። አንደኛው ተክሉ ነው። የቢራቢሮ ትል ያገኘውን ሁሉ አይበላም፤ አብዛኛዎቹ ዝርያዎች ከአንድ የተክል ቤተሰብ ውጭ ቢራቡም አይቀምሱም። ስለዚህ አንድን ትል ለመለየት የሚፈልግ ሰው ከትሉ ቀለም በፊት የተቀመጠበትን ተክል ቢጠይቅ ከግማሽ መንገድ በላይ ተጉዟል። የእርስዎ ትል የሎሚ ቤተሰብ ወዳጅ ነው። ሁለተኛው ምልክት በልጅነቱ የወፍ ኩስ መምሰሉ ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው ደግሞ ቀንዱ ሲሆን፣ ይህ የሚሸት ሹካ መሰል ቀንድ በዓለም ላይ 550 ገደማ ዝርያዎች ያሉት የአንድ የቢራቢሮ ቤተሰብ ብቻ መለያ ነው። ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የምትባል የዚሁ ቤተሰብ አባልም የሎሚ ዘመድ በሆኑ ተክሎች ላይ ትራባለች፤ ነገር ግን እርሷ ይበልጥ የደን ነዋሪ ናት፤ በክንፏም ጫፍ ጅራት ስላላት ከሎሚ ቢራቢሮ ጋር የምታምታታ አይደለችም።

ትልቋን የሎሚ ቢራቢሮ ሳያዩአት አልቀሩም። ክንፎቿን ስትዘረጋ ስፋቷ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። መደቧ ጥቁር ሲሆን፣ ላዩ ላይ ቅቤ መሳይ ቢጫ ነጠብጣቦችና ቁርጥራጮች ተበትነውበታል፤ በኋለኛው ክንፏ ላይ ቀይና ሰማያዊ የተቀላቀለባቸው ዓይን መሰል ክቦች አሉ። ጅራት የላትም። አበባ ስትቀስም የፊት ክንፎቿን ማርገብገብ ስለማትተው ፎቶ ለሚያነሣ ሰው ታስቸግራለች፤ የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ከሃያ ሙከራ በኋላ የያዘው አንድ የደበዘዘ ምስል ብቻ ነው።

የሕይወት ዑደቷ የሚጀምረው እርስዎ ትሉን ከማየትዎ ከብዙ ቀን በፊት ነው። እናቲቱ በችግኙ ዙሪያ ስትበር ጥቂት ታግሠው ቢመለከቷት፣ በአንድ ቅጠል ላይ አፍታ ዐርፋ በፊት እግሮቿ ደብደብ ደብደብ ካደረገችው በኋላ ተነሥታ ወደ ሌላው ስትሄድ ያያሉ። ጣዕም የምትለየው በእግሯ ጭምር ነውና፣ እንዲህ የምታደርገው ቅጠሉ የሎሚ ዘር መሆኑን ለመቅመስ ነው። ሲጥማት ጅራቷን ጎንበስ አድርጋ አንድ ክብ፣ ነጣ ያለ ቢጫ እንቁላል ትለጥፋለች፤ መጠኑ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። እንቁላሎቿን በአንድ ቦታ አትከምርም፤ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ እያለች ትበትናቸዋለች። ይህን የምታደርገው በአብዛኛው በለጋ ቅጠል ላይ ስለሆነ፣ ዝናብ ጥሎ ሎሚው አዲስ ቀንበጥ ባወጣ ማግስት ትሉ መብዛቱ አያስደንቅም። እንቁላሉ እንደ ሙቀቱ ሁኔታ ብዙውን ጊዜ ሳምንት ሳይሞላው ይፈለፈላል፤ ትሉም ከሁሉ አስቀድሞ የወጣበትን ቅርፊት ይበላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መብላት ብቻ ነው። የትል ቆዳ እንደ ሰው ቆዳ አብሮ ስለማያድግ፣ ሲጠብበት እየገፈፈ ይጥለዋል፤ የሎሚ ቢራቢሮ ትል አራት ጊዜ ቆዳውን ጥሎ አምስት የዕድሜ ደረጃዎችን ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ አራት ደረጃዎች ጥቁርና ቡናማ ሆኖ መሐሉ ላይ ነጭ ስለሚያርፍበት፣ ወፍ ጥላው የሄደችው እርጥብ ኩስ ይመስላል። ወፍ ኩስ እንደማትበላ ካሰብን፣ ለጣት ቁራጭ ለማይደርስ ትል ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። መጠኑ ሲያድግ ግን ማታለሉ ያበቃል፤ ያን የሚያህል ኩስ የሚጥል ወፍ በሎሚ ላይ አይቀመጥምና። ስለዚህ በአምስተኛው ደረጃ ልብሱን ይለውጣል፤ ቅጠል መሰል አረንጓዴ ሆኖ ጎኑ ላይ ቡናማና ነጣ ያሉ ጥልፎች፣ ትከሻው ላይ ደግሞ ሁለት የውሸት ዓይኖች ያወጣል። እውነተኞቹ ዓይኖቹ ከታች በትንሿ ራሱ ላይ በየጎኑ የተደረደሩ ስድስት ስድስት ነጥቦች ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ በዚህች ቢራቢሮ የቅርብ ዘመድ ላይ እንዳሳየው፣ ይህን የልብስ ለውጥ የሚያዘው በትሉ ሰውነት ውስጥ ያለው የልጅነት ሆርሞን ነው፤ ሆርሞኑ እስካለ ድረስ የኩሱ መልክ ይቀጥላል፣ ሲቀንስ አረንጓዴው ይመጣል። እርስዎ ሁለት ዓይነት ትል ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ያስደነገጠዎት ቀንድ መሣሪያ መሆኑ እውነት ነው፤ ሰውን ግን አይጎዳም። ከራሱ ኋላ በቆዳው ውስጥ እንደ ጓንት ጣት ተገልብጦ የተሰወረ ለስላሳ ከረጢት ነው፤ ትሉ ሲነካ የሰውነቱን ፈሳሽ ገፍቶ ወደ ውጭ ይገለብጠዋል፣ አደጋው ሲያልፍ መልሶ ይስበዋል። አይወጋም፣ አይናደፍም። የአረንጓዴው ትል ቀንድ ሽታ በዋናነት የሚመጣው ከአንዳንድ አሲዶች ነው፤ ከእነርሱም አንዱ የተበላሸ ቅቤ እንዲከረፋ ከሚያደርገው አሲድ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ አፍንጫዎ የነገረዎትም ይህንኑ ይሆናል። ጉንዳንና ትንንሽ ሸረሪቶች ይሸሹታል፤ ወፍ ግን ብዙም አትሳቀቅም።

ጎረቤትዎ አባጨጓሬ ያሉት በአገራችን በልማድ ማንኛውም ትል በዚህ ስም ስለሚጠራ ነው። ስሙ በትክክል የሚገባው ፀጉራሙ፣ ቆዳ ላይ ሲያርፍ የሚለበልበውና የሚያሳክከው ትል ሲሆን፣ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ የእሳት ራት ልጅ ነው። የእርስዎ ትል ገላው ለስላሳ፣ ፀጉር አልባ ነው። ልጅዎ በእጁ ቢይዘው ሽታው ጣቱ ላይ ከመቅረቱ በቀር ምንም አይሆንም።

እንደ ሙቀቱና እንደ ምግቡ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ከበላ በኋላ፣ አረንጓዴው ትል በድንገት መብላት ያቆማል፤ ሆዱን በቀጭን ፈሳሽ ያጸዳና ይቅበጠበጣል። አንዳንዱ ከችግኙ ወርዶ እስከ አጥሩ ድረስ ይሄዳል፤ በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው “ትሉ ጠፋ፣ ወፍ በላው” ይላል። የሚፈልገው ግን ከነፋስ የተከለለ ግንድ ወይም እንጨት ነው። ሲያገኝ ከአፉ በሚያወጣው ሐር የጭራውን ጫፍ ያጣብቃል፤ ከዚያም ስልክ እንጨት ላይ የሚወጣ ሠራተኛ ወገቡን በቀበቶ እንደሚያስር ሁሉ፣ አንድ የሐር ክር ወገቡ ላይ አዙሮ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ያርፋል። በማግሥቱ ወይም በሳልስቱ የመጨረሻውን የትል ቆዳ ሲጥል ከውስጥ የሚታየው ትል ሳይሆን ፑፓ ነው፤ የማይበላ፣ ከቦታው የማይንቀሳቀስ፣ ሲነኩት ብቻ ሆዱን ወዝወዝ የሚያደርግ የሽግግር ደረጃ ነው። ፑፓው በቅጠል መሐል ሲሆን አረንጓዴ፣ በደረቅ እንጨት ላይ ሲሆን ቡናማ የመሆን ልማድ አለው፤ ስለዚህም ዐይን ለዐይን እየተያያችሁ ሳያዩት ሊያልፉ ይችላሉ።

በፑፓው ውስጥ ስለሚሆነው ነገር “ትሉ ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ሾርባ ይሆናል” የሚል አነጋገር ይሰማል። ከእውነቱ የራቀ ባይሆንም ተጋንኗል። አብዛኛው የትል ጡንቻና ሆድ ዕቃ ይፈርሳል፤ ክንፎቹ፣ ረጃጅም እግሮቹና የአበባ መምጠጫው ቱቦ የሚሠሩት ግን ትሉ ገና ትል ሳለ በውስጡ ታጥፈው ከቆዩ ትንንሽ የሕዋስ ጥቅሎች ነው። የነርቭ ሥርዓቱም ይታደሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ሙከራ በዚያው በ2008 ታትሟል፤ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአንድ የእሳት ራት ትሎች አንድን ሽታ እንዲፈሩ ካለማመዷቸው በኋላ፣ በመጨረሻው የትልነት ደረጃ ላይ ሳሉ የተማሩት ክንፍ አውጥተውም ያንኑ ሽታ ሲሸሹ ተገኝተዋል። ልጅዎ “ቢራቢሮዋ ትል እንደነበረች ታስታውሳለች?” ብሎ ቢጠይቅዎ እንግዲህ ለመልሱ መነሻ የሚሆን ነገር አለዎት።

በአዳማ ሙቀት ፑፓው ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ቀዝቀዝና ደረቅ ሲል ሊዘገይ ይችላል። ሊወጣ ሲቃረብ ሽፋኑ ይሳሳና የክንፉ ጥቁርና ቢጫ በውስጡ ይታያል። ብዙውን ጊዜ በጠዋት ይሰነጠቃል። የምትወጣው ቢራቢሮ ሆዷ የወፈረ፣ ክንፎቿ እንደ እርጥብ ጨርቅ የተጨማደዱ ስለሆነች፣ ያላወቀ ሰው አካል ጉዳተኛ ትመስለዋለች። ወደ ላይ ተንጠልጥላ የሆዷን ፈሳሽ ወደ ክንፏ ጅማቶች ስትገፋ ክንፎቿ ይዘረጋሉ፤ እስኪደርቁ አንድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ቀላ ያለ ፈሳሽም ታንጠባጥባለች፤ ደም አይደለም፣ በፑፓነቷ ዘመን የተጠራቀመ ቆሻሻዋ ነው። ከዚህ በኋላ ያላት ዕድሜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ሲሆን፣ ምግቧም የአበባ ማር ነው። ወንዶቹ በእርጥብ ጭቃ ላይ ተሰብስበው ጨው ያለበትን ውሃ ሲመጥጡ ይታያሉ።

አሁን ወደ ሎሚዎ እንመለስ። ከቁመትዎ በላይ ያደገው ዛፍ ምንም አይሆንም፤ አሥርና አሥራ አምስት ትል ቢያርፍበት እንኳ አዲስ ቅጠል አውጥቶ ይተካዋል። ከጉልበት በታች ላሉት ችግኞች ግን ነገሩ ይለያል፤ ትሉ በዕድሜው ከሚበላው ቅጠል አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻው አረንጓዴ ደረጃ ስለሆነ፣ ሦስት አራት አረንጓዴ ትሎች አንድን ትንሽ ችግኝ በቀናት ውስጥ ራቁቱን ሊያስቀሩት ይችላሉ። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ጠዋት ችግኞቹን ይመልከቱ፤ ትል ሲያገኙ ከተቀመጠበት ቅጠል ጋር ቀንጥሰው በትልቁ ሎሚ ላይ ያኑሩት። ተርቦ ወደ አዲሱ ቅጠል ራሱ ይሻገራል። ልጅዎ ይህን ሥራ በደስታ እንደሚረከብዎ አንጠራጠርም።

መድኃኒት እንዲረጩ አንመክርም። በአንድ ግቢ ውስጥ በጣት ለሚቆጠር ትል ወጪው አይገባውም፤ ከዚህም በላይ መርዙ ትሉን ብቻ መርጦ አይገድልም። የዚህች ቢራቢሮ ዋነኛ ጠላቶች በእንቁላሏ፣ በትሏና በፑፓዋ ውስጥ የሚፈለፈሉ ደቃቅ ጥገኛ ተርቦች ናቸው፤ ሎሚን ይበልጥ የሚያጠቁ ሌሎች ተባዮችንም የሚገቱት እነዚሁና መሰሎቻቸው ናቸው። እነርሱን አብሮ የገደለ ሰው በሚቀጥለው ወቅት የባሰ ችግር ሊገጥመው ይችላል። ቅጠልዎ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ መንገድ የተጠማዘዘ ብርማ መስመር ካዩና ቅጠሉ ከተጠቀለለ ግን እርሱ የሌላ ተባይ፣ በቅጠሉ ቆዳ ውስጥ ሰርስሮ የሚገባ የደቃቅ የእሳት ራት ትል ሥራ ነው፤ የሎሚ ቢራቢሮ ትል ሁልጊዜ ከዳር ጀምሮ ቆርጦ ይበላል እንጂ አይሰረስርም።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ዳር በበቀለ ጦቢያው ላይ ብርቱካንማ ቢራቢሮዎች ዘወትር አያለሁ። የአንዳንዶቹ የፊት ክንፍ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ጥልፍ አለበት፤ የሌሎቹ ግን ጫፉም ብርቱካንማ ነው። ሁለት ዝርያዎች ናቸው? በዚያ መርዛማ ወተት ባለው ተክል ላይስ ምን ያደርጋሉ?

መልስ፦ ሁለቱም አንድ ዝርያ ናቸው፤ ዳናውስ ክሪሲፐስ ይባላሉ፣ ክሪሲፐስ የሚለውን ስም ሰጥቶ ዝርያውን በ1758 የመዘገበው ስዊድናዊው ሊቅ ሊኒየስ ነው። ይህች ቢራቢሮ በምሥራቅ አፍሪካ የተለያየ መልክ በመያዝ የታወቀች ስትሆን፣ ጥቁር ጫፍ ያላት፣ የሌላት፣ የኋላ ክንፏ የነጣ ሁሉ እርስ በርሳቸው ይዋለዳሉ።

ጦቢያውን የመረጠችው መርዙን ፈልጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትሉ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት ያለበት፣ በገላው ላይ ሦስት ጥንድ ጥቁር ጅራፍ መሰል ክሮች የተተከሉበት ነው፤ ልብን የሚያውከውን የተክሉን መርዝ በሰውነቱ ያከማቻል፣ ክንፍ ሲያወጣም አይጥለውም። አንድ ጊዜ የቀመሳት ወፍ ስለማትደግማት፣ እንደ ሎሚ ቢራቢሮ መደበቅና መሸሽ አያስፈልጋትም፤ ቀስ ብላ፣ ታይታ ትበራለች። ፑፓዋም ወገቡን አያስርም፤ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል፣ በላዩም ወርቅ የሚመስሉ ነጠብጣቦች አሉት። ስታርፍ እግሮቿን ቢቆጥሩ የምትቆመው በአራት ነው፤ የፊት ሁለቱ አጥረው ደረቷ ላይ ታጥፈዋል። የሎሚ ቢራቢሮ ግን በስድስቱም ትቆማለች።

አንድ የሚያሳስት ነገር ስላለ እንጠቁምዎ። ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የምትባል መርዝ የሌላት ሌላ ቢራቢሮ አለች፤ ሴቷ ዳናውስን ቁርጥ መስላ ትበራለች፣ ወንዱ ግን ጥቁር ሆኖ ትልልቅ ነጭ ክቦች ስላሉት የአንድ ቤት ልጆች አይመስሉም። ለመለየት የኋላውን ክንፍ ይመልከቱ፤ በእውነተኛዋ ዳናውስ ክንፍ መሐል ሦስት ጥቁር ነጥቦች፣ በወንዱ አራት አሉ። በአስመሳይዋ ላይ ከፊተኛው ጠርዝ አጠገብ አንድ ነጥብ ብቻ ይታያል።

ጥያቄ፦ በልጅነታችን ቢራቢሮ የነካ እጅ ዓይን ከነካ ያሳውራል ይሉን ነበር። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እጅ ላይ የሚቀረው ዱቄት መርዝ ሳይሆን የክንፏ ቅርፊት ነው፤ ቀለሟን የሚሰጣት እርሱ ነው፣ ከተራገፈም ተመልሶ አይበቅልም። ዓይን ውስጥ ቢገባ እንደ ማንኛውም አቧራ ይቆጠቁጣልና በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል። ቢራቢሮ ከጦቢያው ላይ ለመያዝ የሚሯሯጡ ልጆችን ግን መከልከል ተገቢ ነው። የተቀነጠሰው ቅጠል የሚያፈስሰው ነጭ ወተት በእጅ አማካይነት ዓይን ውስጥ ከገባ የዓይንን ፊተኛ ሽፋን ይጎዳል፣ እይታንም ያደበዝዛል፤ ይህ ሲደርስ ወዲያው በብዙ ውሃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። የቀድሞዎቹ ሰዎች ፍርሃት ምናልባት ከዚህ ተነሥቶ ይሆን ብለን ጠርጥረናል፤ ግምታችን ነው።

ጥያቄ፦ በአዳማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የቢራቢሮን የሕይወት ዑደት ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ በክፍል ውስጥ በተግባር ላሳይ እፈልጋለሁ። ትሉን ከምን ጊዜ ጀምሮ፣ እንዴት ላሳድገው? ተማሪዎቼ ፑፓውን ሐር ይሠራበታል ወይ ብለውም ጠይቀውኛል።

መልስ፦ የሎሚ ቢራቢሮ ለዚህ ተስማሚ ናት፤ ትልቅ ናት፣ ምግቧም በየግቢው ይገኛል። የምንመክረው ከትል ይልቅ ከእንቁላል ወይም ገና ከተፈለፈለ ትል እንዲጀምሩ ነው። ከሜዳ የተለቀመ ትልቅ ትል ውስጡ አስቀድሞ በጥገኛ ተርብ ወይም ዝንብ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ተማሪዎቹ ሁለት ሳምንት ጠብቀው ከፑፓው ቢራቢሮ ሳይሆን በርካታ ደቃቅ ተርቦች ሲወጡ ሊያዩ ይችላሉ። ይህም ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ለአሥር ዓመት ልጆች የመጀመሪያ ሙከራ ባይሆን ይመረጣል።

ሰፋ ያለ ካርቶን ወስደው አንዱን ጎን በወንፊት ጨርቅ ወይም በአሮጌ የአልጋ አጎበር ይሸፍኑት፤ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ግን ትሉን ስለሚገድል አይሆንም። የሎሚ ቅርንጫፉን ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይትከሉና አፉን በጥጥ በደንብ ይድፈኑት፤ ይህን ካላደረጉ ትሉ ወደ ታች እየተሳበ ሄዶ ይሰጥማል። ቅጠሉን ቢያንስ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ይለውጡ፤ መድኃኒት ያልነካው መሆኑን ያረጋግጡ። ቅጠሉ ሲያልቅ ጎመን ወይም ሰላጣ መስጠት ዋጋ የለውም፤ አይበላውም። ጤና አዳም የሎሚ ቤተሰብ ስለሆነ ተማሪዎቹ በጎን አስቀምጠው ይቀምሰው እንደሆነ ቢሞክሩ ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል። ኩሱን በየቀኑ ይጥረጉ፤ እርጥብ ኩስ ሲጠራቀም ትሉን ያሳምመዋል። ካርቶኑን ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው መስኮት ያርቁት፤ የአዳማ የከሰዓት ፀሐይ ፑፓውን ሊያደርቀው ይችላል። ቆዳውን ሊጥል ሲል አንድ ቀን ያህል ሳይንቀሳቀስ ስለሚቆይ፣ ሞቷል ብለው እንዳይጥሉት ተማሪዎቹን ያስጠንቅቋቸው።

ስለ ሐሩ ጥያቄ፣ መልሱ አይሠራበትም ነው። የሎሚ ቢራቢሮ ሐር የምታወጣው በዋናነት ጭራዋን ለማጣበቅና ወገቧን ለማሰር ነው፤ ፑፓዋ ራቁቱን ነው። ሐር የሚገኘው ፑፓውን በክር ጠቅልሎ ቤት ከሚሠራለት የእሳት ራት ነው። ከከተማችሁ ብዙም በማይርቀው በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የጉሎ ቅጠል እየተመገበ የሚያድገው የኤሪ ሐር ትል ሲጠና ቆይቷል፤ የማዕከሉን ፈቃድ አግኝታችሁ ብትጎበኙ ተማሪዎቹ ሁለቱን ጎን ለጎን ለማነጻጸር ይችላሉ።

ፑፓው ከተሠራ በኋላ በካርቶኑ ውስጥ ሻካራ እንጨት ከላይ አጋድመው ያስቀምጡ፤ የወጣችው ቢራቢሮ ወጥታ የምትንጠለጠልበት ካጣች ክንፏ ተጨማድዶ ይደርቅና ዕድሜዋን ሙሉ አትበርም። የወጣች ዕለት ምግብ አያስፈልጋትም፤ ክንፏ ከደረቀ በኋላ ፀሐይ ባለበት ሰዓት አበባ ወዳለበት ቦታ አውጥታችሁ ካርቶኑን ከፍታችሁ ተዉት። በእጅ አንሥቶ መወርወር አያስፈልግም።